ስለ አፍ ጠረን መበላሸትና ስለ ምክንያቱ

ሰው ከሰው ጋራ የሚገናኘው ይልቁንም በአፉ ነው። ባለ ጉዳይ በሹም ፊት ቆሞ አቤት የሚለው፥ ተነሳሒ ለንስሐ አባቱ ኀጢአቱን የሚናገረው፥ መምህር ለደቀ መዝሙሩ ዜማ የሚያቀብለው፥ እናት ልጅዋን የምትስመው ሁሉ በአፍ ነው። ስለዚህ የአፉ ጠረን የተበላሸበት ሰው ሌላው አካሉ ደኅና ሳለ፥ ራሱም ሳያውቀው፥ ከሰው መካከል እየተለየ ይሄዳል። ደዌው አልጋ ላይ አይጥለውም፤ ትኩሳትም አያመጣበትም፤ ነገር ግን አጠገቡ የሚቀመጥ እየጠፋ፥ ወዳጁ እንኳ ሲያነጋግረው ፊቱን ወደ ጐን ዘወር እያደረገ ይሸሸዋል። ከሁሉም የሚከፋው ምክንያቱን የሚነግረው ሰው አለመገኘቱ ነው። ነጠላው ጭቃ ነክቶት እንደ ሆነ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ይነግረዋል፤ ስለ አፉ ጠረን ግን ወንድሙም አይነግረውም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የአንድ መሪጌታ ነገር ነው። እኒህ ሰው በልጅነታችን በአንድ ጉባኤ ቤት ዜማ አብረን የተማርን ወዳጄ ሲሆኑ፥ ዛሬ የሚኖሩት ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፥ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፥ በቂሊንጦ ነው። ቂሊንጦ ቀድሞ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበት የገበሬ አገር ነበር፤ አሁን የጋራ መኖሪያ ፎቆች ቆመውበታል። ስሙ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ወይ ወኅኒ ቤቱን፥ ወይ ለመድኀኒት ፋብሪካዎች ተብሎ የተከለለውን የኢንዱስትሪ መንደር ነው። መሪጌታ በዚያ ሰፈር ማታ ማታ ለሕፃናት ዜማ ያስተምራሉ።

የዜማ ትምህርት እንዴት እንደሚሰጥ ለካህናት መንገር አያስፈልግም። ተማሪው በመምህሩ ፊት ቀርቦ፥ ዐይኑን ከመምህሩ አፍ ላይ ሳያነሣ፥ ድምፁን እየተከተለ ይቀበላል። አንድ ቀን ልጠይቃቸው ሄጄ ሲያስተምሩ ተቀምጬ ሳይ፥ ልጆቹ በየተራቸው ሲቀርቡ አንገታቸውን ወደ ግራ ዘንበል እያደረጉ የሚቀበሉ ሆኑ። አንዱ ትንሽ ልጅማ ነጠላውን እስከ አፍንጫው ስቦ ነበር። መሪጌታ ይህን የልጅ ዐይነ አፋርነት አድርገው ቆጠሩት፤ እኔ ግን ምክንያቱን ዐውቄ ዝም አልሁ። ዝም ብዬም 2 ዓመት ሞላኝ።

እሳቸውም ሰው እንደሚሸሻቸው ማወቃቸው አልቀረም ኖሮ፥ ነገሩን ከሆዳቸው ነው ብለው የጨጓራ ኪኒን ሲውጡ ከረሙ። ኮሶም ጠጡ። ቅርንፉድ ከአፋቸው አልለይ አሉ፤ ጤና አዳም በቡና ጨመሩ። በኋላ እንደ ነገሩኝ፥ ምንም ባልረዳቸው ጊዜ ተግሣጽ መጥቶብኛል ብለው ማታ ማታ ያዝኑ ነበር። ምክንያቱ ግን ከጥርሳቸው ሥር ተቀምጦ ነበር።

በአገራችን አፉ የሚሸት ሰው ሲገኝ “ሆዱ ተበላሽቶ ነው” ማለት የቈየ ልማድ ነው። ነገር ግን ከአፍ ወደ ጨጓራ የሚወርደው የምግብ ቧንቧ ሰው በማይውጥበት ጊዜ ተገጥሞ የሚኖር ስለ ሆነ፥ ሰው ካላገሳ በቀር የጨጓራ አየር ወደ አፍ አይወጣም። ሐኪሞች መርምረው እንዳገኙት የአፍ ጠረን ከተበላሸባቸው 10 ሰዎች የ8ቱ ወይም የ9ኙ ምክንያት እዚያው አፍ ውስጥ ነው፤ ይኸውም በምላስ፥ በድድና በጥርስ መካከል ነው።

የቂሊንጦ ሰው ይህን ከአቃቂ ወንዝ ሊረዳው ይችላል። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከአዲስ አበባ በላይ ካሉት ተራራዎች ሲነሡ ውሃቸው ንጹሕ ነው፤ ከተማውን አቋርጠው ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ሲወርዱ ግን በመንገድ የተጣለባቸውን ሁሉ ይዘው ስለ ሆነ ይሸታሉ። ከሳንባችን የሚወጣው እስትንፋስም እንደዚሁ ንጹሕ ሆኖ ተነሥቶ፥ ሽታውን የሚያገኘው በደጃፉ በአፋችን ሲያልፍ ነው።

በአፍ ውስጥ ሽታ የሚያደርገው ምንድን ነው ቢባል፥ በዐይን የማይታዩ ረቂቃን ተሕዋስያን ናቸው። እነዚህን በመጀመሪያ ካዩት ሰዎች አንዱ በሆላንድ አገር በደልፍት ከተማ ይኖር የነበረው ጨርቅ ነጋዴ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1683 ዓ.ም. ከጥርሱ መካከል ነጭ ነገር ፍቆ፥ ራሱ በሠራው የማጉያ መስተዋት ቢያየው፥ እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን ሲንቀሳቀሱ አገኘ፤ ይህንንም በሎንዶን ላለው የሊቃውንት ማኅበር በደብዳቤ ገለጸ። አፉን በዕድሜው ሙሉ አጥርቶ የማያውቅ የአንድ ሽማግሌ ጥርስ ሲመረምርም ብዛታቸው አስደነቀው። ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ሲቃረብ፥ በካናዳ ጆሴፍ ቶንዜቲች የሚባል ሊቅ ሽታው ራሱ ከምን እንደ ተሠራ መርምሮ አስረዳ። ተሕዋስያኑ በአፍ የቀረውን የምግብ ፍርፋሪ፥ ከአፍ ቈዳ የሚረግፈውን ብናኝና በምራቅ ውስጥ ያለውን ሁሉ ሲያበሰብሱ ከዲን ጋራ የተዋሐደ አየር ያወጣሉ። ዲን ከመጽሐፍ የምናውቀው፥ ከእሳት ጋራ የሚጠራው ነው። የተበላሸ እንቁላል ሽታም ከዚሁ ወገን ነው።

እነዚህ ተሕዋስያን ነፋስ የማያገኛቸውን ስውር ስፍራ ይወዳሉ። ከሁሉ የሚመቻቸው የምላስ ኋለኛው ክፍል ነው፤ ምላስ እንደ ምንጣፍ ጠጕር ያለው ስለ ሆነ በዚያ ላይ ነጭ ወይም ብጫ ሽፋን ተኝቶ ይገኛል። ጥርሱን በየቀኑ የሚያጥብ ሰው አፉ መሽተቱን ሰምቶ ቢደነቅ፥ ብዙ ጊዜ ምላሱን የረሳ ነው። ሕክምናውም ቀላል ነው፤ ምላስን ከኋላ ወደ ፊት በለዘብታ በቡርሽ ወይም ለዚህ በተሠራ መፋቂያ መጥረግ ነው። ለማስታወክ ቢያስቸግር ትንፋሽን ያዝ ማድረግ ይረዳል።

የአፍ ጠባቂ ምራቅ ነው። ምራቅ ሳያቋርጥ አፍን እያጠበ ይኖራልና፥ ምራቅ በጐደለ ጊዜ ሽታ ይበዛል። ሰው ሁሉ ጧት ከእንቅልፉ ሲነሣ አፉ የሚከብደው ሌሊት ምራቅ ስለሚቀንስ ነው፤ ይህ በሽታ አይደለም። አፉን ከፍቶ የሚተኛ ወይም የሚያንኰራፋ ግን ይብስበታል። ሌሊቱን ማሕሌት ቆሞ ያደረ ደብተራ፥ ከጧት እስከ ማታ ባለ ጉዳይ ሲያነጋግር የዋለ ሹም፥ በስብሰባ ላይ ውሃ ሳይቀምስ ቡና በቡና ላይ የሚጠጣ ጸሐፊ፥ ሦስቱም አፋቸው ደርቆ ይውላል። ለደም ግፊት፥ ለአለርጂና ለመንፈስ ጭንቀት የሚሰጡ አንዳንድ መድኀኒቶችም ምራቅ ያደርቃሉ፤ ስለዚህ መድኀኒት ከጀመረ በኋላ አፉ የደረቀበት ሰው መድኀኒቱን በገዛ ፈቃዱ ሳያቋርጥ ለሐኪሙ ይንገር።

ስለ ጾም ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያናችን ለምእመናን ሁሉ የታዘዙት የጾም ቀኖች በዓመት 180 ያህል ናቸው፤ ካህናትና መነኰሳት ከዚህም አብልጠው ይጾማሉ። ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ እህል ውሃ ሳይቀምስ ሲቈይ አፉ ይደርቃል፤ አለማላመጡም ምራቁን ያሳንሰዋል። ጾሙ ሲረዝም ደግሞ ሰውነት ያጠራቀመውን ስብ ማቃጠል ይጀምራልና፥ ከዚያ የሚወጣው አየር በደም ተሸክሞ በሳንባ ይወጣል፤ ሽታውም ጣፈጥ ያለ፥ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ነው። ይህ የጾመኛ ሽታ ነውር አይደለም፤ ሲፈስክም ይጠፋል። ነገር ግን በጾም ሰዓት ከጠረኑ የሚበዛው የትናንት ማታው የምግብ ትራፊ ስለ ሆነ፥ ማታ ከመጨረሻው ማዕድ በኋላ ጥርስንና ምላስን አጥርቶ የሚተኛ ሰው በማግስቱ ይቀልለዋል። ከቍርባን በፊት አፍን በውሃ ስለ መጕመጥመጥ ያለውን ሥርዐት ለአባቶች እተዋለሁ፤ ሌሊት ሳይጀምር የሚደረግ ንጽሕና ግን ከምንም ሥርዐት ጋራ አይጋጭም።

ነጭ ሽንኩርት የበላ ሰው ጥርሱን ደጋግሞ ቢያጥብም ሽታው አይለቀውም፤ ምክንያቱም ከሆድ ወደ ደም ገብቶ፥ ከደም ወደ ሳንባ አልፎ በትንፋሽ ስለሚወጣ ነው። ይህ አንድ ቀን ቈይቶ በራሱ ይጠፋል። ትምባሆ፥ አረቄና ጫት ግን አፍን እያደረቁ ድድን ስለሚጐዱ ጕዳታቸው ከሽታው ያልፋል። ጥሬ ሥጋ የሚወድም ሰው ጅማቱ በጥርሱ መካከል ተወትፎ እንዳያድር ይጠንቀቅ።

ወደ መሪጌታ ምክንያት ልመለስ። በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ በየቀኑ የሚለጠፍ ስስ ቈሻሻ አለ፤ በጊዜው ካልተጠረገ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከምራቅ ማዕድን እየሳበ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ድንጋዩ ድዱን እየገፋ ያቈስለዋል፤ ድዱም ከጥርሱ ተለይቶ ኪስ ያበጃል፤ በኪሱ ውስጥ መግልና ተሕዋስያን ይጠራቀማሉ፤ ከዚያ የሚወጣው ሽታ እጅግ ከባድ ነው። መጀመሪያ ስለማያምም ሰው ቸል ይለዋል። ምልክቱ ጥርስ ሲፋቅ የሚወጣው ደም ነው፤ ሰው ግን ደም ባየ ጊዜ “ድዴን አቈሰልሁ” ብሎ መፋቁን ይተዋል፤ ይህም በሽታውን ያፋጥነዋል። በሰሜን አገር እንደ ጥንቱ ልማድ ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶች የድዳቸው መቅላት ስለማይታይ ደሙን ብቻ ምልክት ሊያደርጉ ይገባል።

በዚህ ስፍራ ሁለት ስሕተቶችን ማንሣት ይጠቅማል። አንደኛው፥ የጥርስ ሐኪም ያንን ድንጋይ ቢያነሣው ጥርሴ ይነቃነቃል የሚለው ፍርሀት ነው። ጥርሱን የሚያነቃንቀው ድንጋዩ ራሱ ነው፤ ሲነሣ መነቃነቁ የሚሰማው ድንጋዩ እንደ ግንብ ደግፎ ይዞት ስለ ነበረ ነው። ሁለተኛው፥ ጥርሱ ቡናማ የሆነውን ሰው ሁሉ አፉ ያልጸዳ አድርጎ መቍጠር ነው። ከአቃቂ በቢሾፍቱ አልፎ ወደ አዳማና ወደ ወንጂ ሲወረድ፥ በስምጥ ሸለቆ አገር የጕድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ስለሚበዛበት፥ በዚያ ያደጉ ሰዎች ጥርሳቸው ከልጅነት ጀምሮ ይጠቍራል። ይህ ቀለም ከሽታ ጋራ አንዳች ዝምድና የለውም፤ ስለ ቀለሙ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው የሚሸፍኑ ብዙዎች አሉና ይህ እንዲታወቅ ያስፈልጋል።

ስለ መፋቂያችንም እመሰክራለሁ። የወይራና የክትክታ መፋቂያ አባቶቻችን ያቈዩልን መልካም መሣሪያ ነው፤ ጫፉ ታኝኮ ሲለሰልስና ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ በቀስታ ሲፋቅበት ከቡርሽ የሚያንስ አይደለም። ነገር ግን ብዙው ሰው ከንፈሩን ገልጦ የፊተኞቹን ጥርሶች ብቻ እያሳመረ፥ የመንጋጋውን ጥርስ፥ በተለይም በምላስ በኩል ያለውን ይተወዋል፤ መንገድ ለመንገድ ሲፋቅ የሚውል ሰው ራሱ ከኋላ ያለው ጥርስ ተቦርቡሮ ይገኛል። መፋቂያ የሚጠቀም ሰው ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና በጧትና በማታ ቢጨምርበት፥ በጥርስና በጥርስ መካከልም በክር ቢያጸዳ ምሉእ ይሆንለታል። ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ደግሞ ሌሊት አውልቆ አጥቦ ያስቀምጠው። በፋርማሲ የሚሸጠው የአፍ መጕመጥመጫ ሽታውን ለጥቂት ሰዓት ይሸፍናል እንጂ ድንጋዩን አያነሣም። እንጥል ማስቈረጥማ ሽታን አያጠፋም፤ ሕፃንን ለደም መፍሰስና ለመመረዝ አሳልፎ ይሰጣል።

ከ10 ሰዎች በ1 ወይም በ2 ላይ ምክንያቱ ከአፍ ውጭ ይገኛል። በቶንሲል ጕድጓዶች ውስጥ እንደ አይብ ፍርፋሪ ያለ ነጭ ነገር ይጠራቀማል፤ ሲያስል የሚወጣለትም ሰው አለ። የቈየ የሳይነስ መግልም ያሸታል። ሕፃን በአንድ አፍንጫው ብቻ የሚሸት ፈሳሽ ቢያወጣ፥ በጨዋታ ላይ ባቄላ ወይም ሽምብራ ከቶበት እንዳይሆን ሐኪም ይየው። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው፥ ሳይጾም፥ ትንፋሹ ያን የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስል ሽታ ቢያመጣ፥ በዚያም ላይ ቢጠማው፥ ቢያስታውከውና ቢያፍነው፥ ነገ ሳይባል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። ኵላሊት ሲደክም ትንፋሽ የሽንት ሽታ የሚመስል አሞንያ ያመጣል፤ ጉበት ሲደክምም የራሱ የሆነ የሻገተ ሽታ አለው። ሳንባ ውስጥ መግል የቋጠረ ሰው በሚያስለው አክታ ይታወቃል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልብ እንዲባል የምወደው የሕፃናት ደዌ ነው። ኖማ ይባላል። ይልቁንም ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉትን፥ በምግብ እጦት የከሱትንና ኩፍኝ ወይም ሌላ በሽታ ያደከማቸውን ድኻ ሕፃናት ይይዛል። በድድ ላይ እንደ ትንሽ ቍስል ይጀምራል፤ የሕፃኑም አፍ ክፉኛ ይሸታል፤ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ጕንጩ ያብጣል፤ ከዚያም በጥቂት ቀናት ውስጥ ጕንጭን፥ ከንፈርንና አጥንትን በልቶ ይቦደሳል። ካልታከመ ከ10 ሕፃናት እስከ 9ኙ ይሞታሉ፤ የተረፉትም ፊታቸው ተበልቶ ይኖራሉ። የዓለም የጤና ድርጅት ይህን ደዌ ችላ ከተባሉት የሞቃት አገር በሽታዎች መዝገብ ያስገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታኅሣሥ 2023 ዓ.ም. ነው። በአገራችንም በገጠር ይገኛል። ሆኖም በመጀመሪያው ቀን የተደረሰለት ሕፃን በተራ ፀረ ተሕዋስያን መድኀኒት፥ አፉን በማጠብና ደኅና ምግብ በመመገብ ይድናል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም። በገጠር አጥቢያ ያለ ቄስ ለጠበል የመጣች እናት ያቀፈችውን ሕፃን አፍ ሲሸት ቢያገኘው፥ ጠበሉን ሳይከለክል በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ቢልካት አንድ ፊት፥ ምናልባትም አንድ ነፍስ ያተርፋል።

አፋቸው ሳይሸት ይሸታል ብለው የሚጨነቁና ከሰው የሚሸሹም እንዳሉ መዘንጋት አይገባም። ሰው የራሱን ጠረን ስለሚለምደው በአፍንጫው ሊፈርድ አይችልም። የእጁን አንጓ በምላሱ ልሶ፥ እስኪደርቅ ጥቂት ቈይቶ ቢያሸት ግምት ያገኛል፤ እርግጡን የሚያውቀው ግን የሚያምነውን ሰው ሲጠይቅ ነው።

መሪጌታን የነገርኋቸው አንድ ቅዳሜ ከቂሊንጦ ወደ ቃሊቲ በታክሲ ስንሄድ ነው። ከፊታችን የተቀመጠች ሴት መስኮቱን ስትከፍት አይቼ፥ ከዚህ ወዲያ ዝምታዬ ከእርሷ መስኮት መክፈት የከፋ መስሎ ታየኝ። ከታክሲው ወርደን ብቻችንን ስንሆን፥ “መሪጌታ፥ ቅር አይበልዎ፤ አፍዎን የጥርስ ሐኪም ይየው” አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና፥ “ከመቼ ጀምሮ ያውቃሉ?” አሉኝ። እውነቱን ነገርኋቸው። “እኔ ኮሶ ስጠጣ እርስዎ ያውቁ ኖሯል” አሉ፤ ሌላ አልተናገሩም፤ እስከ ቤታቸውም አብሬያቸው እንድመለስ አልፈቀዱልኝም።

ሐኪሙ ድንጋዩን በሁለት ቀጠሮ አነሣላቸው፤ ሁለት ጥርስም ነቀለ፤ ምላሳቸውን እንዲጠርጉም አዘዛቸው። ወር ያህል ቈይቼ በሄድሁ ጊዜ ያ ትንሽ ልጅ ነጠላውን በትከሻው ጥሎ፥ ዐይኑን ከአፋቸው ላይ ሳያነሣ ይቀበላቸው ነበር። ልጆቹ ከተሰናበቱ በኋላ መሪጌታ ወደ እኔ ዞረው፥ “እስቲ የእርስዎን አንጓ ይላሱና ያሽትቱ” አሉኝ። ታዘዝሁ። “የቡና ሽታ ነው” ብላቸው፥ እጄን ይዘው ራሳቸው አሸተቱና የሐኪሙን ስልክ ቍጥር ሰጡኝ።